ቡና ጭኗል የተባለው አምቡላንስ

የአምቡላንስ ሹፌርነት ሥራ የጀመርኩት አንድ ሰኞ ቀን ዝናብ እያካፋ ነው። የስምሪት ኃላፊው አቶ ገብሬ ቁልፉን ከመስጠታቸው በፊት መኪናዋን ዙሪያዋን አሳዩኝ። ነጭ ላንድክሩዘር ናት። ከኋላ አንድ ተሽከርካሪ አልጋ፣ ለአዋላጅና ለአስታማሚ የምትሆን አግዳሚ ወንበር፣ የኦክስጅን ሲሊንደርና የግሉኮስ መስቀያ አላት። ከአልጋው ሥር ክሪክ፣ አካፋ፣ ገመድና የጎማ ሰንሰለት ተቀምጧል። "ሌላ አገር አምቡላንስ ማለት ሕክምና ነው፤ እዚህ ግማሹ ሕክምና፣ ግማሹ ጭቃ ነው" አሉኝ።

ከዚያ በፊት ለአንድ ነጋዴ ከቴፒ ቡና የሚጭን አይሱዙ እነዳ ነበር። የቀጠሩኝም መንገዱን ስለማውቀው ነው። ወረዳችን ከሚዛን ተፈሪ ወደ ቴፒ በሚወስደው መንገድ ላይ ናት። ዋናው መንገድ ደህና ነው፤ ወደ ቀበሌዎቹ ሲገባ ግን ቀይ አፈር፣ ቁልቁለትና የቡና ደን ነው። ሲዘንብ ጎማ መሬት አይቆነጥጥም።

የዚያኑ ዕለት እኩለ ቀን ላይ አንድ ሰው በእግሩ መጣ። የወንድሙ ሚስት ምጥ ጠንቶባት ጎህ ሳይቀድ የተነሳ ነው። ልብሱ እንደራሰ ጋቢና ገብቶ አጠገቤ ተቀመጠ። መንገዱ እስከሚያበቃበት ድረስ ነዳሁ፤ የቀረውን ከኋላ ከተቀመጠችው አዋላጅ ጋር ቃሬዛ ይዘን ወጣን። ደጃፉ ላይ ስንደርስ ሰዎች እጃቸውን ይታጠባሉ። ከቀብር መመለሳቸው ነበር። ሰውየው ጭቃው ላይ ቁጭ አለ።

ስመለስ አቶ ገብሬን የዘገየሁት እኔ እንደሆንኩ ጠየቅኳቸው። "አንተ አልዘገየህም፤ ወሬው ነው የዘገየው" አሉኝ።

ስለዚህ የሞባይል ማማው ከከተማዋ በላይ ካለው ኮረብታ ላይ ሲቆም ከእኔ የበለጠ የተደሰተ ሰው አልነበረም። ቁጥሬ በየጤና ኬላው በር ላይ ተጻፈ። ነጋዴውም፣ ቄሱም፣ ፓስተሩም፣ ቡና ለቃሚውም ያውቀው ነበር። ሰው ሲደውል ስሙን እንኳ አይናገርም፤ "ጋሽ ታደሰ፣ ድረስልን" ብሎ ይጀምራል። እኔ ከአነጋገሩ የየትኛው ቀበሌ ሰው እንደሆነ ለይቼ ሞተር አስነሳለሁ።

በአንደኛው ቀበሌ ኔትወርክ የሚገኘው ከትምህርት ቤቱ ሜዳ፣ ከጎሉ ቋሚ አጠገብ ብቻ ነበር። አንድ ክረምት ጎርፉ ድልድዩን ወስዶት እኔና ሲስተር አለምነሽ ከወንዙ ወዲህ ቀረን። ሲስተር አለምነሽ አዋላጅ ነርስ ናት፤ ሸኮ ተወልዳ ያደገች ስለሆነች የአገሬውን ቋንቋ ትናገራለች። ከወንዙ ማዶ አንዲት እናት ወልዳ ደሙ አልቆም ብሏታል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ከእናቲቱ መራቅ አትችልም፤ ስልኩ ደግሞ ከጎሉ ከራቀ አይሠራም።

ባልየው ስልኩን ይዞ ጎሉ ሥር ቆመ። ጎረቤቶቹ ከሜዳው እስከ ቤቱ ድረስ ተደረደሩ። ሲስተር የምትናገረውን እሱ ይቀበላል፣ ከዚያ አንዱ ለሌላው እየጮኸ ያቀብላል። "ማህፀኗን ከላይ እሹት፤ ሕፃኑን ጡት አስይዙት፤ ሽንቷን ትሽና" እያሉ ሽማግሌዎች ሳይቀሩ ይጣሩ ነበር። ሌላ ጊዜ ቢሆን ወንድ በዚህ ጉዳይ ትንፍሽ አይልም። ደሙ ቆመ። ውሃው ሲጎድል ተሻግረን እናቲቱን በሕይወት አገኘናት።

ይህን የማወራው ስልክ የሚጠላ ሽማግሌ እንዳልመስላችሁ ነው። ስልክ ሰው ሲያድን በዓይኔ አይቻለሁ። የተናደድኩት ከዚያ በኋላ በመጣው ነው።

ስልኩ ካሜራ ሲያወጣ ሰውም ዓይን አወጣ። አንድ ቀን ቡና ለቃሚዎች የጫነ አይሱዙ ከመንገዱ ጠርዝ ወደ ታች ተገለበጠ። ስንደርስ ሰው ከአስፋልቱ ዳር ተሰልፏል። ለሸክም የተሰለፈ መስሎኝ ደስ አለኝ። ጠጋ ስል ሁሉም ስልኩን ወደ ላይ ይዞ ይቀርጻል። ከታች የተጎዱት ያቃስታሉ። ትከሻው ሰፊ የሆነውን አንዱን መርጬ ቃሬዛውን እንዲይዝልኝ ለመንኩት። ፊቱን እንኳ ወደ እኔ ሳይመልስ "ጋሼ፣ ላይቭ ነኝ" አለኝ።

ቃሬዛውን ከእኔ ጋር የያዙት ሁለት ሙዝ ሻጭ ሴቶች ነበሩ። ቁልቁለቱን ወርደን፣ እያንሸራተተን ወጣን።

በዚያ አደጋ የሞተ አንድ ወጣት ነበር። እናቱ አማን ገበያ ላይ ትነግዳለች። አስከሬኑ ገና መኪናዬ ውስጥ ሳለ አንዷ ደንበኛ "እዩት ይሄን አደጋ" ብላ ስልኳን አሳየቻት። እናትየው ልጇን በሸሚዙ ለየችው። መርዶ በአገራችን ወግ አለው። ዘመድ ተጠርቶ፣ ሽማግሌ ተመርጦ፣ ሰውየው እንዳይወድቅ ግራና ቀኝ የሚይዝ ተዘጋጅቶ ነው የሚነገረው። ለእሷ የነገራት ስልክ ነው፣ ያውም ከቲማቲም መደቧ ፊት። ሚዛን ሆስፒታል በር ላይ ስትደርስ ያየኋት አሁንም ከፊቴ አትጠፋም።

ወደ ራሴ ጉዳይ ልምጣ።

የቡና ለቀማ ወቅት ነበር። ጤና ጣቢያችን ውስጥ ወልዳ ደም አልቆም ያላትን አንዲት እናት ይዘን ወደ ሚዛን ሆስፒታል እንበራለን። እሷ አልጋው ላይ ናት፤ ግራና ቀኝ እጇ ላይ ግሉኮስ ተሰክቶላታል። ሲስተር አለምነሽና የታማሚዋ እናት ወንበሩ ላይ ናቸው። ግማሽ መንገድ ላይ ሰዎች ከቡና ማሳ ውስጥ ምጥ የያዛት ሴት በቃሬዛ ይዘው ወጡ፤ እጃቸውን እያወዛወዙ አስቆሙኝ።

ሲስተር ወረደች። ሴቶቹ በነጠላ ከለሉላትና ምጠኛዋን አየቻት። አየለች ትባላለች፤ የመጀመሪያ ልጇ ነው። ምጡ ገና ጅማሬው ነበር፤ የፅንሱ የልብ ምትም ደህና ነው። ሲስተር በቋንቋቸው አስረዳቻቸው። ውስጥ ያለችው ከዘገየን ትሞታለች፣ አልጋው አንድ ነው፣ አየለች ግን ጊዜ አላት። እዚያው ቆማ በቅርብ ላለው ጤና ጣቢያ ደወለች፤ አዋላጁ በሞተር ብስክሌት መጥቶ እንደሚቀበላቸው ቃል ገባ።

ባሏ ማርቆስ ወደ መኪናው ጠጋ ብሎ ወደ ውስጥ ተመለከተ። ደሙን አየ። "ሂዱ፤ እሷ ትቅደም" አለኝና በሩን በራሱ እጅ ዘጋልን። ነዳሁ።

ከመንገዱ ማዶ አንድ ሰው ሲቀርጽ ነበር። እኔ አላየሁትም።

ሆስፒታል ደረስን፤ ታማሚዋ ወዲያው ቀዶ ሕክምና ክፍል ገባች። እኔ ግቢው ውስጥ አልጋውን በበረኪና እያጠብኩ ሳለ ልጄ ሜሮን ደወለች። ሚዛን ዩኒቨርሲቲ ትማር ነበር። የት እንዳለሁ ጠየቀችኝ፤ ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "አባዬ፣ ለጊዜው ወደ ከተማ አትውጣ" አለች። ምን ሆነሽ ነው ስላት ቪዲዮውን ላከችልኝ።

ቪዲዮው የሚጀምረው ሲስተር ተነስታ ስትናገር ነው። ምርመራው የለም። ማርቆስ ወደ ውስጥ ሲያይ የለም። የሚታየው መሬት ላይ ያለች ምጠኛ፣ የምትናገር ነርስ፣ ማን እንደዘጋው የማይለይ በርና የሚሄድ መኪና ነው። ከላዩ "እናት በምጥ መንገድ ላይ ተጥላ አምቡላንሱ ቡና ይጭናል" ተብሎ ተጽፎበታል። ሲስተር በሸኮ ቋንቋ ስታስረዳቸው የተናገረችውን "ነርሷ ስትሳደብ" ብለውታል። ቋንቋውን የማይችለው ሁሉ አመነ። የቀድሞ ሥራዬን የሚያውቅ አንዱ ደግሞ ከሥር "ድሮም የቡና አይሱዙ ሹፌር ነው፤ አመሉ አለቀቀውም" ብሎ ጻፈ። ከዚያ በኋላማ ማን ያቆመዋል።

አንብቤ ስጨርስ ልብሴ ላይ ያለው ደም ገና አልደረቀም ነበር። ያን ያህል በሰው ተናድጄ አላውቅም።

አየለች የዚያኑ ዕለት ጤና ጣቢያው ውስጥ በሰላም ሴት ልጅ ወለደች። ወደ ሚዛን የወሰድናትም ተረፈች። ይህን ግን ማንም አልጠየቀም።

በማግስቱ አስም ያፈናቸውን አንድ አዛውንት ኦክስጅን አድርገን ስንሄድ መታጠፊያው ላይ መንገዱ በግንድ ተዘግቷል። ወጣቶች ከበቡን። ቡናውን እናያለን አሉ። ታማሚ እንደያዝኩ ነገርኳቸው፤ ሲስተር በአማርኛም በሸኮም ለመነቻቸው። አልሰሙም። የኋላውን በር ከፈቱት። አንዱ አዛውንቱ ከተኙበት አልጋ ሥር ጎንበስ ብሎ አካፋዬንና ሰንሰለቴን እየጎተተ ወደ ውጭ ጣለ። ሌላው ይቀርጻል። አዛውንቱ ጭንብሉን በሁለት እጃቸው ይዘው ዓይናቸው ፈጧል።

አንዲት ፍሬ ቡና አላገኙም። ያፍራሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። ከኋላ "አራግፎት ነው" የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ከዚያ ድንጋይ መጣ። የፊት መስታወቱ ረገፈ፤ ስባሪው የሲስተርን ግንባር ቀደደው። በነጠላዋ አስራው፣ ተመልሳ ገብታ የአዛውንቱን ኦክስጅን አስተካከለች። እኔ መሪው ላይ መስታወት እያራገፍኩ ነዳሁ። አዛውንቱን በሕይወት አደረስናቸው።

አቶ ገብሬ ያን ጊዜ ጡረታ ወጥተዋል። አዲሱ ኃላፊ ወጣት ነው፤ ክፉ ሰው አይደለም። ቢሮው ጠርቶ ውሃ አቀረበልኝና ከሥራ ለጊዜው እንድታገድ መወሰኑን ነገረኝ።

"እውነቱን ታውቃለህ?" አልኩት።

"አውቃለሁ ጋሽ ታደሰ። ሲስተር ነግራኛለች፤ ጤና ጣቢያውንም ጠይቄያለሁ።"

"ታዲያ ለምን?"

"ከላይ እየደወሉ ነው። ቪዲዮውን ሁሉም አይቶታል። ሕዝቡ እስኪረጋጋ ነው።"

እውነቱን የሚያውቅ ሰው ውሸቱን ፈርቶ ሲወስን ያየሁት ያን ቀን ነው። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ወጣሁ። መስታወት የሌላት መኪና ግቢው ውስጥ ቆመች። መስታወቱ ቶሎ ተገጠመላት፤ የሚነዳት ግን ጠፋ። በምትኬ የተመደበው ሹፌር ልጆች አሉኝ፣ ድንጋይ አልበላም ብሎ እምቢ አለ። በእሱ አልፈርድም።

ዘነበች የምትባል እናት ነበረች። ቤቷ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ነው፤ ባሏ ቡና ጠባቂ ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ወንድሟ ደወለልኝ። ወልዳለች፣ እንግዴ ልጁ አልወጣም፣ ደሙ አልቆመም። መታገዴን አልሰማም፤ ስልክ ላይ ያለው የእኔ ቁጥር ነው። ወዲያው ለኃላፊው ደወልኩ። ቁልፉን ስጠኝ፣ የፈለጉትን ይበሉኝ፣ እኔ እወጣለሁ አልኩት። ከጎረቤት ወረዳ መኪና ጠይቄያለሁ፣ እየመጣ ነው አለኝ። ጫማዬን አድርጌ ቢሮው ድረስ ሄድኩ። ግቢው ተቆልፏል፤ እሱ ሚዛን ስብሰባ ላይ ነበር። መኪናዋ በአጥሩ ቀዳዳ ትታየኛለች።

የጎረቤት ወረዳው መኪና ሌላ ታማሚ ይዞ ስለነበር ዘገየ። ቤተሰቡ ባጃጅ ለመኑ። ዘነበች ባጃጅ ውስጥ፣ በወንድሟ ጭን ላይ፣ ሚዛን ሳትገባ ሞተች።

ስለ እሷ የተቀረጸ ቪዲዮ የለም። ማንም አልለጠፈላትም። ያን ቀን ሜሮን ቪዲዮውን የለጠፈውን ፔጅ ከፍታ አሳየችኝ፤ አዲስ የገባ የስልክ ሽፋን ማስታወቂያ ነበረበት።

ፔጁን የሚያስተዳድረው ሰው ሚዛን ላይ ስልክ የሚጠግንበት ሱቅ አለው። ብሩክ ይባላል። ጎልማሳ፣ ባለትዳር ነው። ሄድኩበት። ሲያየኝ ብድግ አለና ወንበር አቀረበልኝ፤ ይቀመጡ ጋሼ አለኝ። አልተቀመጥኩም።

"ቡናውን የት አየኸው?" አልኩት።

"እኔ አላየሁም። ቪዲዮውን ሰው ነው የላከልኝ፤ ቡና ጭኖ ነው ብሎ የጻፈልኝም እሱ ነው።"

"ቁጥሬ በየጤና ኬላው በር ላይ አለ። ደውለህ ብትጠይቀኝ ምን ነበረበት?"

"እውነቱን ልንገርዎት፤ እስክጠይቅ ድረስ ሌላ ፔጅ ይቀድመኛል" አለኝ።

ትህትናው ነው ይበልጥ ያንገበገበኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ስለ ዘነበች ነገርኩት፤ ባጃጁን፣ የወንድሟን ጭን ነገርኩት። አንገቱን ደፋ። ስልኩን አውጥቶ ቪዲዮውን ከፊቴ አጠፋው፤ "ይኸው ጋሼ፣ ጠፍቷል" አለ። እሱ ጋ ጠፋ። ያን ጊዜ ግን አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ውጭ አገር ያሉ ፔጆች ሁሉ ወስደውታል። ውሸት እንደነበረ ጻፍ ብዬ ጠየቅኩት። አየዋለሁ አለኝ። ለፖሊስም አመለከትኩ፤ መጀመሪያ የቀረጸው ማን እንደሆነ ሳይታወቅ ቀረ።

ነገሩን ያስተካከለው ማርቆስ ነው። እሱ ስማርት ስልክ የለውም፤ ወሬውን የሰማው ቡና ሊሸጥ ሲወጣ ነው። አየለችንና ሕፃኗን ይዞ ቢሮው ድረስ መጣ። ኃላፊው ፊት ቆሞ፣ አማርኛው እየተሰባበረ፣ "በሩን የዘጋሁት እኔ ነኝ። ሂዱ ያልኩትም እኔ ነኝ። ስለ ሚስቴ እኔን ማን ጠየቀኝ?" አለ። ሜሮን ይህንኑ በስልኳ ቀርጻ ለብሩክ ላከችለት። ብሩክም አወጣው። የተመለከተው ሰው ግን ከቁጥር የሚገባ አልነበረም።

ቁልፌ የዚያኑ ቀን ተመለሰልኝ። ወዲያው ተቀበልኩ፤ እናቶች እየጠበቁ ማኩረፍ አይሆንልኝም። አንድ ነገር ግን ኃላፊውን ጠየቅኩት፤ በገበያ ቀን ገበያው መሃል ወጥቶ በአፉ እንዲናገር። እያቅማማም ቢሆን እሺ አለ። ድምፅ ማጉያ ይዞ በአማርኛ ተናገረ። ሲስተር አለምነሽ ግንባሯ ላይ ፕላስተር እንደተለጠፈ በሸኮ ተናገረች። ማርቆስ ሕፃኗን አቅፎ አጠገቧ ቆመ። በመጨረሻ የዘነበች ወንድም ድምፅ ማጉያውን ተቀበለ። "እህቴ ደም እየፈሰሳት መኪናው ግቢ ውስጥ ቆሞ ነበር" አለና ድምፅ ማጉያውን ለሲስተር መለሰ። ስልክ ያወጣ ሰው አላየሁም።

ከዚያ በኋላ በወረዳችን ውስጥ መኪናዬን ያስቆመ የለም። ግንድ ካጋደሙት ወጣቶች አንዱ ቤቴ መጥቶ ይቅርታ ጠይቆኛል፤ ይቅር ብዬዋለሁ። ድንጋዩን የወረወረው ግን እስካሁን አልመጣም።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ያ ቪዲዮ እንደገና ብቅ አለ። አንድ የማላውቀው ፔጅ "ዛሬ የተፈጸመ" ብሎ ለጥፎታል። የአየለች ልጅ ትምህርት ቤት ገብታለች፤ እናቷ ስልክ ላይ አሁንም በምጥ መሬት ላይ ተኝታለች፣ እኔም አሁንም ጥያት እየሄድኩ ነው። አገሩን በካርታ እንኳ የማያውቅ ሰው ይረግመኛል። መልስ መስጠት ትቻለሁ።

ወጣት ሹፌሮች ያ ቀን ዛሬ ቢሆን ምን ታደርግ ነበር ይሉኛል። ያንኑ አደርጋለሁ። ደም የሚፈሳት ትቀድማለች፤ ለካሜራ ብዬ በር ከፍቼ አልቆምም። መንገድ ላይ ላላችሁት ደግሞ የምለው ይህን ነው። የተጎዳ ሰው ስታዩ ስልካችሁን ለእርዳታ ደውሉበትና ኪሳችሁ ክተቱት። ቃሬዛ ለመያዝ ሁለት እጅ ያስፈልጋል።